ቶኪዮ ላይ የሚቆመው ታሪክ

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አምድ የደረሰው ለእኔ ነው። የክበባችን መምህር ዕጣ አዘጋጅተው አራት ስም ጠቅልለው አስቀመጡ፤ እኔ ሳነሳ አበበ ቢቂላ ወጣልኝ። የክበቡ ልጆች ሳቁብኝ። አበበን የማያውቅ ማን አለ፣ ባዶ እግሩን ሮጦ አሸነፈ ብለሽ ጨርሺው አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አንድ ገጽ ጽፌ የምገላገል መስሎኝ ነበር። ምክንያቱም የአበበን ታሪክ ገና መዋዕለ ሕፃናት እያለሁ አባዬ ነግሮኛል። የነገረኝም ሳይክል ላይ ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የእኛ ሳይክል ትልቅ፣ ጥቁር፣ መሐሉ ላይ ብረት ያለው የወንድ ሳይክል ነው። አባዬ እንጨት ሠራተኛ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳና መጀመሪያ ሶምሶማ እየሮጠ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ እኔን ከኋላ፣ ታናሽ ወንድሜን ከፊት ብረቱ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰናል። እኛን አውርዶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ማታ ሲመለስ እማዬ ያዘዘችውን ሽንኩርትና ከሰል መሪው ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤዛዊት ተራራ ድረስ በሳይክል ይወጣል። አባዬ ስፖርት ቤት ገብቶ አያውቅም። እማዬ እንደምትለው የእሱ ስፖርት ቤቱን ከማስተዳደር ጋር የተሰፋ ነው።

ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ አንድ ታሪክ ያልቃል። ሰኞ ሮምን ከነገረኝ ማክሰኞ ቶኪዮን ይነግረኛል። ረቡዕ እንደገና ከሮም ይጀምራል። ለምን ሁልጊዜ ቶኪዮ ላይ እንደሚቆም ጠይቄው አላውቅም ነበር። ታሪኩ እዚያ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ አበበ ልግባ።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። የትውልድ ቦታው ጃቶ ይባላል፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቅ የገጠር መንደር ነው። ገና ሕፃን ሳለ ጣሊያን አገራችንን ወረረ፤ ቤተሰቡም ከቀዬው ተሰደደ። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ወደ ጃቶ ተመለሱ። ልጅ ሆኖ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠብቋል። ገና መጫወትም ይወድ ነበር። ገና ሩር በዱላ እየመቱ በሰፊ ሜዳ ላይ መሮጥ ነው፤ በአንድ ጨዋታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ የሚቆጥር የለም። እኔ እንደሚመስለኝ አበበን መጀመሪያ ያሠለጠነው ገና ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ወጣት ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ሄደና የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ያን ጊዜ አገራችን ገና ኦሎምፒክ አታውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። የሚገርማችሁ ነገር፣ ያኔ የሄዱት ስፖርተኞቻችን ሯጮችና ብስክሌት ጋላቢዎች ብቻ ነበሩ። አባዬ ይህንን ሲነግረኝ በኩራት ደወሉን ሁለት ጊዜ ያስጮኸው ነበር። ማሞ ወልዴም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

አበበን ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ ነው። አበበ ወደ ሮም ከመሄዱ ከስድስት ወር በፊት፣ መጋቢት 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ። እንግዲህ አስቡት፣ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ወታደር ነው፣ ልምምድም አለበት።

ሮም የደረሱት በክረምት ማብቂያ ነው። አበበ ጫማ ነበረው፤ ግን አልተመቸውም። ባዶ እግሩን መሮጥ ደግሞ ሲለማመድ የኖረበት ነው። ስለዚህ ባዶ እግሩን ለመሮጥ ወሰነ። ብዙ ልጆች ጫማ ስላልነበረው ነው የሮጠው ይላሉ፤ እንደዚያ አይደለም። ጫማ ነበረ፤ እግሩን የሚጎዳው ጫማ ነው የቀረው።

ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። አገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፤ ሰው ዶሮ እየገዛ፣ ቄጠማ እያመጣ ነው። ሮም ላይ ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ውድድሩ ተጀመረ። የተጀመረው ወደ ማታ ስለሆነ መንገዱ እየጨለመ ሄደ። የጣሊያን ወታደሮች መንገድ ዳር ቆመው ችቦ ያበሩ ነበር። ጣሊያን በአበበ ልጅነት አገሩን የወረረች አገር መሆኗን አትርሱ። አሁን ወታደሮቿ ለእሱ መብራት ይዘው ቆመዋል።

አሠልጣኙ አበበን ራዲ ቤን አብደሰላም የተባለውን የሞሮኮ ሯጭ ተጠንቀቅ ብሎታል። ቁጥሩ 26 ነው ተብሎ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን የዚያን ቀን የለበሰው 185 ነው። አበበ ቁጥር 26ን እየፈለገ አንዱን አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ 26 የለም። ከጎኑ ከአንድ ባለ 185 ጋር እኩል ይሮጣል። ያ ሰውዬ ራሱ ራዲ ነው! አበበ ግን 26 ገና ከፊት ያለ መስሎት መሮጡን ቀጠለ። አባዬ ይህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ፔዳሉን ያፈጥነው ነበር፤ እኔ ከኋላ ሆዱን አጥብቄ እይዘዋለሁ።

መጨረሻው አካባቢ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። በወረራው ጊዜ ከአክሱም ተነቅሎ ሮም የተወሰደው ሐውልት ማለቴ ነው። አበበ ቀደም ብሎ መንገዱን ሲያጠና አይቶታል። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲ መከተል አቃተው። በቆስጠንጢኖስ የድል በር ስር ብቻውን ገባ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ራዲ በ25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። በማግስቱ መስከረም 1 ነው። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ለዘመን መለወጫ ደረሰ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከአበበ 45 ዓመት ገደማ ዘግይቶ።

ከዚያ በኋላ አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሰ ላይ ተከታትሎ አሸነፈ። ቦስተን ላይ ግን አምስተኛ ወጣ። ይህንን አባዬ ነግሮኝ አያውቅም። በነገራችን ላይ ቦስተንን መጻፍ የለብሽም ብሎ የተከራከረኝ የክበባችን ልጅ አለ፤ አምስተኛ መውጣት ስም ያጠፋል አለኝ። እኔ ግን ጻፍኩት። ክፍል ውስጥ አምስተኛ ብወጣ እማዬ ዶሮ ነበር የምትሠራልኝ።

አሁን ቶኪዮ። ዓመቱ 1957 ነው፤ ወሩ መስከረም። ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ሆዱን አመመው። ትርፍ አንጀት ሆነና ኦፕራሲዮን ተደረገ። ለውድድሩ የቀረው አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው። ትርፍ አንጀት የወጣለት ጎረቤታችን ወር ሙሉ ውኃ እንኳ አልቀዳም ነበር። አበበ ግን ከሆስፒታል ሳይወጣ ሶምሶማ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን ቶኪዮ ላይ፣ በዚህ ጊዜ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ጠብቋል። በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ሌሎች ሯጮች እንደገቡ መሬት ላይ ይወድቃሉ፤ አበበ ግን ሣሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሜዳሊያውን ሲሸለም ደግሞ ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀው የጃፓንን መዝሙር ተጫወተ። ወንድሜ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል።

የአባዬ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ትምህርት ቤት በር ላይ ደርሰናል፤ ውረዱ ይለናል።

አሁን ስለ ቤታችን ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ቀጣዩ አይገባችሁም። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አባዬ ከሥራ ሲመለስ ባጃጅ ገጨው። ቀኝ እግሩ ጉልበቱ ላይ ተሰበረ፤ ብረት ገባለት። አሁን የሚሄደው በክራንች ነው። የሚሠራበት ቤት ሦስት ወር ጠብቆ ሌላ ሰው ቀጠረ። ሐኪሙ ቤት ውስጥ እግሩን በቀን ሦስት ጊዜ እያነሳ እንዲያሠራው አዞታል፤ እሱ ግን አይሠራም። ጠዋት በፊት በሚሮጥበት ሰዓት ይነቃል፤ ይነቃና ጣራ ጣራውን እያየ ይተኛል። ወንድሜ ኳስ ሲያንከባልል ድምፁ ይረብሸዋል። በፊት የማይቆጣው ሰውዬ አሁን ስኳር አነሰ ብሎ ይቆጣል። ሳይክሉ በሩ ጀርባ ቆሞ አቧራ ለበሰ።

እማዬ እንጀራ ጋግራ ለየቤቱ ታደርሳለች። አባዬ ከታመመ ወዲህ የምትጋግረው እጥፍ ሆነ፤ ማድረሱ ግን አቃታት። ስለዚህ የካቲት ላይ ሳይክሉን ጠርጌ አወጣሁት። መቀመጫው በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ቁጭ ብዬ እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ ቆሜ ነው የምነዳው። እንጀራውን በፌስታል ጠቅልለን ከኋላ በላስቲክ እናስራለን። አምስት ቤት አለ። አንድ ቀን ቅርጫቱ ተገልብጦ ስምንት እንጀራ አፈር ላይ ወድቋል፤ ይህንን እዚህ ላይ ባልጽፈው ይሻል ነበር። አባዬ ስወጣም ስመለስም አያየኝም ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ የአበበ ዕጣ የደረሰኝ። የቶኪዮን ቀን ለማረጋገጥ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፍ ሰጡኝ። ቶኪዮን አገኘሁና ቀኑን ገለበጥኩ። መጽሐፉን ልዘጋ ስል ግን ከቶኪዮ በኋላ ያለው ገጽ በጣም ብዙ መሆኑን አየሁ።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ቀን ሜክሲኮ ላይ ሦስተኛውን ኦሎምፒክ ሮጠ። እግሩ ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ያን ቀን ያሸነፈው ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ማሞ ወልዴ ነው። ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ያመጣው ግን ሌላ ሰው ነው። አበበ ያን ጊዜ የ36 ዓመት ሰው ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ማታ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ መኪናዋ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከውስጥ ሳይወጣ አደረ። ጠዋት ሰዎች አወጡት። አከርካሪው ተጎድቷል። አስቡት፣ ያንን ሁሉ መንገድ የሮጠ ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ አልቻለም። መጀመሪያ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር።

እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል የሚባል ሆስፒታል ተላከ። እዚያ ስምንት ወር ያህል ቆየ። ይህ ሆስፒታል ዝም ብሎ ሆስፒታል አይደለም። ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም በጦርነት አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን የሚያክሙበት ነበር። ሐኪሙ ሕሙማኑ ተኝተው እንዲውሉ አልፈለጉም፤ ጋሪ ወንበር ላይ አስቀምጠው ስፖርት ያሠሯቸው ነበር። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር የተጀመረው ከዚያ ግቢ ነው። በዚያ ቦታ እጅ ለማጠንከር ኳስ ይወረወራል፣ ቀስት ይሳባል። ስፖርት እዚያ መድኃኒት ነው።

የአበበ እጅ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እግሩ ግን አልተመለሰም። ይህንን ሳነብ ወደፊት ያለው ገጽ ላይ እግሩ ይድናል ብዬ ቶሎ ቶሎ ገለበጥኩ። አልዳነም። ሦስት ገጽ፣ አራት ገጽ ሄድኩ፤ አልዳነም። ግን ተቀምጦ አላገኘሁትም። ማለቴ ጋሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ሲወረውርና የጠረጴዛ ቴኒስ ሲጫወት አገኘሁት።

በ1963 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ደግሞ ኖርዌይ ሄደ። በእንግድነት ነበር የተጠራው፤ እሱ ግን ለውድድር ተመዘገበ። በውሻ በሚጎተት የበረዶ ሸርተቴ ከ16 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጣ! እኔ በረዶ ያየሁት ሰማይ ሲዘንብ ብቻ ነው፤ መሬቱ በሙሉ በረዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል መገመት አልቻልኩም። የጃቶ እረኛ፣ ገና ሲጫወት ያደገ ሰው፣ በበረዶ ላይ ውሾች እየነዳ አሸነፈ። ለምንድን ነው ይህንን ማንም የማይነግረን? ሮምን ሁሉም ሰው ያውቃል። ኖርዌይን ግን ክፍላችን ውስጥ 58 ተማሪ ጠይቄ አንድም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ቤትም ነበረው። ከወይዘሮ የውብዳር አራት ልጆች ወልዷል። ጋሪ ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጆቹ ገና ትንንሽ ነበሩ። ስለዚያ ቀን መጽሐፉ ብዙ አይልም። እኔ ግን ብዙ አሰብኩ። ማን በሩን ከፈተ? ወንበሩ በደጃፉ ያልፍ ነበር? ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩት ወይስ ሮጠው አቀፉት?

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሙኒክ ኦሎምፒክ ሲካሄድ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ በጋሪ ወንበሩ ሄደ። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ እሱ መጥቶ ጨበጠው። ማሞ ወልዴም ያን ቀን ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አግኝቷል።

አበበ ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ዕድሜው 41 ነበር። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱም ሕዝቡም ነበሩ።

41 የሚለውን ሳነብ ቆም አልኩ። አባዬም 41 ዓመቱ ነው።

ጽሑፌን ጨርሼ ሳበቃ አንድ ነገር አስቸገረኝ። ልማዳችን ነው፣ ለመጽሔቱ የምጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ ለአባዬ አነብለታለሁ፤ ፊደል ያርምልኛል። ይህንን ላንብብለት ወይስ ቶኪዮ ላይ ላቁም? እማዬን ምጣድ እያሰሰች ሳለ ጠየቅኋት። ስለ መኪናው አደጋ ማንበቡን አልወደደችውም፤ ሰውዬውን አታስጨንቂው አለችኝ። ሁለት ቀን ደብተሬን ይዤ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ፊቱ አይታየኝም፣ የእኔም አይታየውም ብዬ በሻማ ማንበብ ጀመርኩ።

ሮም ላይ ዝም ብሎ ሰማ። 185 ጋ ስደርስ ትንሽ ሳቅ አለ። ቶኪዮ ላይ ደረስኩ። ከዚያ አላቆምኩም፤ ሜክሲኮን አነበብኩ። ከዚያ መኪናውን። እማዬ ማሰሮ አስቀመጠችና ቆመች። እኔ ቀና ሳልል ሆስፒታሉን፣ ቀስቱን፣ ውሾቹን አነበብኩ። ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። ወንድሜ ብቻ ውሾቹ ስንት ናቸው አለ።

አባዬ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ። መጀመሪያ እጁም አይንቀሳቀስም ነበር ያልሽውን እንደገና አንብቢው አለኝ። አነበብኩለት። ኖርዌይን እንደማያውቅ ነገረኝ። አደጋውን ግን ድሮም ያውቅ ኖሯል፤ ለልጅ የሚነገር አልመሰለኝም ነበር አለ። ከዚያ ተኛ።

በማግስቱ ምንም አልሆነም። በሳምንቱም ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ስለ ስኳሩ ተቆጣ። እኔም ተውኩት።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሽንት ቤት ልሄድ ስወጣ አባዬን ጓሮ አገኘሁት። በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሸዋ የተሞላ የስኳር ፌስታል በጨርቅ አስሯል። እግሩን ያነሳል፣ ያወርዳል። ላብ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ ጥርሱን ነክሷል። ቆሜ ቆጠርኩ፤ ስምንት ሲደርስ አየኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ። ለምን እንደማይነገር አልገባኝም፤ እሺ አልኩ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳይክሉ ግቢ መሐል ተገልብጦ ቆሟል። መፍቻዎቹ መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አባዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያመመውን እግሩን ዘርግቶ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎታል። ውጪ አለኝ። ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረሰ። ለራሱ የሚሆነውን ከፍታ ጭረት አድርጎ ብረቱ ላይ ምልክት ትቶበታል፤ አየሁት፣ ምንም አላልኩም።

አሁን እንጀራ ሳደርስ አባዬ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል። የእማዬን የእጅ ሰዓት ይይዛል። አምስቱን ቤት አዳርሼ ስመለስ ደቂቃውን ይነግረኛል። መጀመሪያ ቀን 34 ደቂቃ ነበር፤ አሁን 27 ገብቻለሁ። አራተኛው ቤት ወሬ ታበዣለሽ ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እዚያ ቤት ቡችሎች አሉ። ጠዋት ደግሞ ወንድሜ ከግቢያችን በር እስከ መብራት እንጨቱ ድረስ እየሮጠ ይመላለሳል፤ እሱንም ይቆጥርለታል። አሸዋው ፌስታልም አድጓል፤ አሁን የዱቄት ከረጢት ሆኗል።

እሁድ አባዬ በክራንች እስከ አስፋልቱ ድረስ ለመሄድ አስቧል። እኔ በሳይክል ከጎኑ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ቢደክመው ከኋላ አስቀምጬ እመልሰዋለሁ። እማዬ ገና አላወቀችም። ይህንን መጽሔት የምታነቡ የሰፈራችን ልጆች፣ እስከ እሁድ ድረስ እንዳትነግሯት አደራ።